በ2.41 ነጥብ ዕጩ መኮንን መሆን ይቻላል? መልማዩ «እርሳው» ብሎኛል

የጋራዡ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

26 ዓመቴ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባቴ ዲቪ ደርሶት በ15 ዓመቴ መጣን። ዜግነቴን ካገኘሁ አምስት ዓመት ሆኖኛል። በ2023 በኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ተመርቄያለሁ። ዲግሪው አለ። ችግሩ ነጥቡ ነው። 2.41።

ሰበብ መደርደር አልወድም፣ ግን ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት የአባቴ ኩላሊት ደከመና ዲያሊሲስ ጀመረ። በሳምንት ሦስት ቀን። እናቴ መኪና አትነዳም። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ዲሲ መሃል አንድ ምድር ቤት ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር። በፈረንጅ ሰዓት ከምሽቱ 10 እስከ ጠዋቱ 6። ከዛ ወጥቼ አባቴን ክሊኒክ አደርሳለሁ። ከዛ ክፍል እገባለሁ። ክፍል ውስጥ ምን እንደማደርግ ገምቱ። እተኛለሁ። ካልኩለስ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፣ በሦስተኛው በሲ አለፍኩ።

የመጀመሪያዎቹ 60 ክሬዲቶች 1.72 ናቸው። ታናሽ እህቴ መንጃ ፈቃድ ስታወጣ የማታውን ሥራ ተውኩ። የቀሩት 60 ክሬዲቶች 3.10 ሆኑ። ሲደመር ሲካፈል ግን ያው 2.41 ነው።

አሁን ሄልፕ ዴስክ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ «አጥፍተህ አብራው» ስል እውላለሁ።

ባለፈው ሳምንት የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ምልመላ ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ትራንስክሪፕቴን አየት አደረገና «በዚህ ነጥብ መኮንንነቱን እርሳው። ተራ ወታደር ሆነህ ፈርም፣ ከገባህ በኋላ ታመለክታለህ» አለኝ። ወረቀቱን ሊያስፈርመኝ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

እውነቱን ነው? ኮርሶቹን ደግሜ ነጥቡን ከፍ ላድርግ? ወይስ መጀመሪያ ማስተርስ ልያዝ? በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ካለ ይንገረኝ። እናቴ ከሰማች ጀምሮ «ከጦርነት ሸሽተን መጥተን አንተ ጦር ልትገባ?» እያለች ምሳ አልቀርብ ብሎኛል።

ጋሼ ሲያትል

ልጄ፣ እናትህን ስማ። ኮምፒውተር ተምረህ ጠመንጃ ምን ያደርግልሃል? ሰርተፊኬት ጨምርበትና ደሞዝህን አሳድግ።

በኛ ጊዜ ሐረር አካዳሚ የሚገባው የተመረጠ ልጅ ነበር። ሕንዶች ነበሩ የሚያስተምሩት። ታላቅ ወንድሜ አመልክቶ በጥርሱ ምክንያት መለሱት። በጥርሱ! ሒሳብ እንደ ውኃ የሚጠጣ ልጅ። ስለዚህ ይሄ ነገር ሁልጊዜም ሰበብ አያጣም ለማለት ነው። ካልሆነልህ አትዘን።

ሻምበሉ

ጋሼ፣ አሁን ጥርስ ያክሙልሃል፣ በነጻ።

ጋራዡ፣ መልማዩ ግማሹን እውነት ነግሮሃል። ግማሹን ለራሱ አስቀርቶታል።

እኔ የተመረቅኩት በ2.28 ነው። ትበልጠኛለህ። ዛሬ ሎጂስቲክስ ውስጥ ሻምበል ነኝ። ስለዚህ «አይቻልም» የሚለው ወሬ እዚሁ ያብቃ።

መጀመሪያ ስለ ሰውየው። እዛ ቢሮ የተቀመጠ ሃምሳ አለቃ በየወሩ እንዲሞላ የሚጠበቅበት የሰው ቁጥር አለ። ተራ ወታደር ቶሎ ይፈርምለታል። የመኮንን ማመልከቻ ግን ወራት የሚፈጅ የወረቀት ክምር ነው። ክፉ ሰው ነው አልልም፣ ሥራው ነው። ሌላ ቢሮ ሂድና ገና ከበሩ «ዲግሪ አለኝ፣ የምፈልገው ዜሮ ናይን ኤስ ነው» በል። ይሄ ቁጥር ከሲቪል ቤት በቀጥታ ለዕጩ መኮንንነት የሚፈርም ሰው ውል ነው። መጀመሪያ ቦርድ ፊት ትቀርባለህ፣ አመልካቾችን የሚመርጡ መኮንኖች ናቸው። ቦርዱ ካሳለፈህ ትፈርማለህ። ከዛ 10 ሳምንት መሠረታዊ ሥልጠና፣ ከዛ ጆርጂያ ፎርት ቤኒንግ 12 ሳምንት ዕጩ መኮንን። ስትጨርስ ምክትል መቶ አለቃ ነህ። (ፎርት ቤኒንግን በ2023 ፎርት ሙር አሉት፣ በ2025 መልሰው ቤኒንግ አሉት። ወረቀት ላይ ሁለቱንም ታያለህ፣ ግራ አይግባህ።) እሱን መንገድ ጀምረህ መሃል ላይ ከወደቅክ ግን ወደ ቤትህ አትመለስም። የውልህን ዘመን ሠራዊቱ በፈለገህ ቦታ በተራ ወታደርነት ትጨርሳለህ። ይሄን ሳታውቅ እንዳትፈርም።

የሚጠየቀው ዜግነት፣ ዲግሪ፣ ዕድሜ፣ ጤና፣ ሴክሬት ክሊራንስ (ምስጢር የማየት ፈቃድ) የሚያስገኝ የጀርባ ታሪክና ጂቲ ስኮር 110 ነው። የኮሌጅ ነጥብህን ቦርዱ ያየዋል፣ ስለሱም ይጠይቅሃል። ግን ከሌላው ጋር አብሮ ነው የሚመዘነው። 110 ላይ ግን ድርድር የለም። 109 ይዞ የመጣ የሒሳብ ምሩቅ አውቃለሁ፣ ተመለሰ።

ጂቲ የሚወጣው አስቫብ ከሚባለው የመግቢያ ፈተና ነው። በአንድ በኩል የቃላትና የንባብ ግንዛቤ፣ በሌላ በኩል በታሪክ መልክ የሚመጣ ሒሳብ። እኔን የጣለኝ ሒሳቡ አልነበረም። እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ ግን ቀስ ብዬ፣ በሆዴ ወደ አማርኛ እየመለስኩ። ሰዓቱ ደግሞ አይጠብቅም። መጀመሪያ 103 አመጣሁ። መድገም የሚቻለው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ከዛም ሌላ አንድ ወር። ከዛ በኋላ ግን በስድስት ስድስት ወር ነው። ስለዚህ «እስቲ ልሞክረው» ብለህ ሳትዘጋጅ አትግባ። እኔ ሁለተኛውን 107 አመጣሁና ኪራይ አላስቀምጥ ሲለኝ በ2014 ተራ ወታደር ሆኜ ፈረምኩ።

ኤል ፓሶ፣ ፎርት ብሊስ። የንብረት ክፍል ሠራተኛ። ዲግሪ ስላለኝ ማዕረጌ ስፔሻሊስት ነበር፣ ሥራዬ ግን ብርድ ልብስ መቁጠር። ጂቲውን ከፍ ለማድረግ ሠራዊቱ ራሱ ክፍል ያስተምራል፣ ቢሴፕ ይባላል። አለቃዬ ፈቅዳልኝ ገባሁና 116 አመጣሁ። ከዛ ማመልከቻ፣ ፊርማ፣ ሌላ ፊርማ። ተራ ሆኖ መግባት ነውር የለውም፣ ኖሬበታለሁ። ግን «ከገባህ በኋላ ታመለክታለህ» የሚለውን ቃል ውልህ ላይ የሚጽፍልህ የለም። አዛዥህ ደግ ከሆነ ይፈርማል። ካልሆነ እስኪቀየር ትጠብቃለህ። እኔ ቤኒንግ የገባሁት በ2018 ነው። ቁጠረው።

አሁን ወደ ነጥብህ። ኮርስ የመድገሙን ነገር ተወው። አንዴ ከተመረቅክ ብዙ ትምህርት ቤት መዝገቡን ይዘጋል። ይከፈትልኝ ብትል እንኳ ቁጭ ብለህ አስላው፣ እኔ አስልቼዋለሁ። 120 ክሬዲት ላይ 2.41 የያዘ ሰው 3.0 ለመድረስ 71 ክሬዲት ሙሉ ኤ ያስፈልገዋል። ሌላ ዲግሪ በለው። ማስተርስ ለራስህ ከፈለግከው ተማር። ለቦርዱ ብለህ ግን ዕዳ ውስጥ አትግባ።

በነገራችን ላይ አንተ የጻፍከው ቁጥር በቂ ነው። 1.72፣ ከዛ 3.10። ነገሩን እንዴት እንደምትነግራቸው ላይ ነው ሥራው ያለው። የኔን ልንገርህ።

ቦርድ ልቀርብ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ የፕላቶናችን ሰርጀንት የልምምድ ቦርድ አዘጋጀችልኝ። ሚሲሲፒ ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ ቀልድ አታውቅም። ወንበር ላይ አስቀምጣ «ስታቲስቲክስ ላይ ኤፍ አለህ፣ ንገረኝ» አለች። ጀመርኩ። ሁለት ሥራ እሠራ ነበር፣ አውቶቡስ ይዘገያል፣ እናቴ ታማ ነበር፣ እንግሊዝኛዬ… እጇን አነሳች። «ችግር የሌለበት ሰው እዚህ ቤት የለም። ኤፍ ካገኘህ በኋላ ምን አደረግክ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ማለት፣ ነበረኝ፣ ግን አስቤው አላውቅም።

ትክክለኛው ቦርድ ሦስት መኮንኖች ነበሩ። ሁለተኛው ጥያቄ ያው ኤፍ ነበር። «ወድቄያለሁ። እርዳታ መጠየቅ አሳፍሮኝ ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር በመጀመሪያው ሳምንት የመምህሩን ቢሮ አንኳኳሁ፣ ቢ አገኘሁ» አልኩ። ሦስት ዓረፍተ ነገር። አንገቱን ነቀነቀና ወደ ሌላ ጥያቄ ሄደ። ስድስት ዓመት ያፈርኩበት ነገር ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም።

ቤኒንግ ከገባህ በኋላ ደግሞ የኮሌጅ ነጥብህን የሚያነሳ የለም። አዲስ መዝገብ ነው የሚከፈተው። የክፍል ፈተና፣ የአካል ብቃት፣ አመራር፣ 12 ማይል ሸክም ይዞ መንገድ። ካርታና ኮምፓስ ይሰጡህና ጫካ ውስጥ የተተከሉ ነጥቦችን ፈልገህ ታገኛለህ። ዕድሜዬን ሙሉ ነጥብ ስፈልግ ኖሬ ጆርጂያ ጥድ ውስጥም ነጥብ ፈልግ ተባልኩ። እዛ ላይ ግን አልወደቅኩም።

ሩጫው ላይ አዋርጃችኋለሁ፣ ይቅርታ። ኢትዮጵያዊ ነኝ ስላልኩ ሁሉም እኔን ይጠብቁ ነበር። ሁለት ማይል በ15 ደቂቃ ከምናምን ነው የምሮጠው። «አንተ ከየትኛው ኢትዮጵያ ነህ?» አለኝ አሠልጣኙ። አንተ ከአሁኑ ጀምር። ከሰኔ 2025 ጀምሮ ፈተናው አምስት ነገር ነው፦ ከባድ ብረት ከመሬት ማንሳት፣ ፑሽአፕ፣ እየሮጡ መጎተትና መሸከም፣ ፕላንክ፣ ሁለት ማይል። በእያንዳንዱ ቢያንስ 60 ነው የሚፈለገው። ቢያንሱን ይዘህ ቦርድ ፊት ከቀረብክ ግን ነጥብህም ዝቅተኛ፣ ጉልበትህም ዝቅተኛ ነው የሚሉህ።

አንድ ነገር ደግሞ ታዝቤያለሁ። ይሄን ሁሉ ስትጽፍ ለምን መኮንን መሆን እንደምትፈልግ አልጻፍክም። ቦርዱ ድርሰት ያስጽፍሃል፣ ርዕሱ እሱው ነው።

የኳንቲኮ እህት

ሻምበል ሁሉን ብሎታል። እኔ የምጨምረው ማሪን (የባሕር ወለድ ጦሩን) ነው፣ የታናሽ ወንድሜን አይቼ።

ማሪኖች ለመኮንን የሚጠይቁት ዝቅተኛ ነጥብ 2.0 ነው። አዎ፣ በትክክል አንብበሃል። በዛ ላይ ከኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎቹ ኤስኤቲ 1000 ወይም ኤሲቲ 22 ከሃይስኩል ካለህ ያንኑ ይቀበሉሃል። ግን እንዳትዘል። የሚለዩት በጉልበት ነው። ሦስት ማይል፣ ፑልአፕ፣ ፕላንክ። ሙሉው 300 ነው። 300 ለማግኘት ሦስቱን ማይል በ18 ደቂቃ መጨረስ አለብህ።

ወንድሜ 2.3 ነበረው። የመጀመሪያ ቀን 224 አመጣ። የመኮንን መልማዩ ሳቀና «285 ስታመጣ ደውልልኝ» አለው። (የመኮንን መልማይ ሌላ ቢሮ ነው፣ ከተራው ጋር አታምታታ። እዚህ ላይ ሻምበል ያለው አይሠራም።) ስምንት ወር ሙሉ የኮሪደራችን በር ላይ የብረት ዘንግ ተንጠልጥሎ ከረመ። እናቴ ጋቢ አሰጣችበት። በመጨረሻ 288 አመጣና ተቀበሉት።

የማሪን መኮንኖች የሚሠለጥኑበት ኳንቲኮ ከቤታችን ሃያ ደቂቃ ነው፣ እኛ ዉድብሪጅ ነን። አሥር ሳምንት ነው። በአምስተኛው ሳምንት እግሩ አጥንት ላይ ተሰነጠቀና መለሱት። ማሪን ላይ ጥሩው ነገር ይሄ ነው፣ ካልሆነልህ ቤትህ ትመለሳለህ፣ ተራ ወታደር አያደርጉህም። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ገብቶ ጨረሰ። አሁን ኦኪናዋ ነው። ዕድሜ ላይ ግን ከጦር ሠራዊቱ ይልቅ ያጠብቃሉ። 26 ከሆንክ የምታስብበት ጊዜ አጭር ነው።

አየር ኃይልን አልነግርህም። እዛ ኢንጂነሪንግ ተምሮ 3.6 ይዞ የሚሰለፈው ብዙ ነው።

ቅጽ 86

የኔ ሥራ ከክሊራንስ ወረቀት ጋር የተያያዘ ነው፣ ዝርዝሩን ተዉት። ነጥብ ነጥብ ስትሉ ሐበሻን በትክክል የሚያስጨንቀውን ነገር ረስታችሁታል። ኤስኤፍ 86 የሚባለውን ቅጽ።

አሥር ዓመት የኖርክበትን አድራሻ ሁሉ ይጠይቅሃል። ወላጆችህን፣ ወንድም እህቶችህን፣ ውጭ አገር ያሉትንም። የልደት ቀናቸውን ጨምሮ። አሁን እናትህን «አክስቴ መቼ ተወለደች?» ብለህ ጠይቃት። «ጃንሆይ ወደ እኛ አገር በመጡ ጊዜ» ትልሃለች። ደግነቱ አክስት ዝርዝሩ ውስጥ የግድ አትገባም፣ ቅርብ ግንኙነት ከሌላችሁ። የወንድምና የእህት ግን ያስፈልጋል። የኢትዮጵያውን ቀን ወደ ፈረንጅ ስትመልስ ተጠንቀቅ። ፓስፖርት ላይ አንድ ቀን፣ የጥምቀት ካርድ ላይ ሌላ ቀን፣ የኮሌጅ መዝገብ ላይ ሦስተኛ ቀን ያለው ሰው በየሳምንቱ አያለሁ። ስምም እንደዛው። የአያትህ ስም ወረቀት ላይ አንዴ የአባት ስም፣ አንዴ ላስት ኔም ሆኖ ይገኛል። ልዩነቱን ራስህ ቀድመህ ጻፈው። «ስሜ በዚህም በዚያም ተጽፏል» በል። እነሱ ራሳቸው ሲያገኙት ነው ችግሩ።

ለውጭ ዜጋ ገንዘብ ደግፈህ ታውቃለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ለአያትህ በየወሩ 100 ዶላር የምትልክ ከሆነ መልሱ «አዎ» ነው። ነውር አይደለም። ብዙዎቻችን እንልካለን፣ አብዛኛውም ያልፋል። «የለም» ብለህ ባንክህ ላይ ሲገኝ ግን ከላክኸው ገንዘብ ይልቅ ውሸቱ ይጥልሃል።

እቁብ ካለህ አስብበት። በአንድ ቀን 6,000 ዶላር ካሽ ስታስገባ መርማሪው «ይሄ ከየት መጣ?» ይላል። እቁብ ምን እንደሆነ በሦስት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ተለማመድ። ሰብሳቢያችሁ ደብተር ካለው ደግሞ ጥሩ።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚወድቀው ያልተከፈለ ዕዳ ላይ ነው። ያልከፈልከው የሆስፒታል ቢል ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) ሄዶ ከሆነ ዛሬ ደውል። የክፍያ ስምምነት ይዘህ ቅረብ። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካለህም ጻፈው። 18 ሲሞላህ ሴሌክቲቭ ሰርቪስ (የብሔራዊ ውትድርና መዝገብ) መመዝገብህንም አረጋግጥ፣ ብዙ የሐበሻ ልጅ ሳያውቅ ይቀራል።

የጋራዡ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሻምበል፣ እርስዎን በተለይ።

ሴሌክቲቭ ሰርቪስ ተመዝግቤያለሁ፣ አሁን አየሁት። የአባቴ አምቡላንስ 840 ዶላር ኮሌክሽን ላይ በኔ ስም አለ። ለምን በኔ ስም እንደሆነ አትጠይቁኝ። ሰኞ እደውላለሁ።

የልምምድ ፈተና ኢንተርኔት ላይ ሞከርኩ። ሒሳቡ ጥሩ ነው፣ ካልኩለስን ሦስት ጊዜ የተማረ ሰው ነኝ። ቃላቱ ላይ ሻምበል እንዳሉት ነው።

ለምን መኮንን? ስትጠይቁኝ ሁለት ቀን አሰብኩበት። ሳፍር ነበር መሰለኝ።

ጋራዡ ውስጥ አንድ ማታ በጋ ላይ ከባድ ዝናብ መጣና መብራት ጠፋ። 19 ዓመቴ ነበር። በዛ ሰዓት አጠገባችን ያለው አዳራሽ ሠርግ ለቀቀ። ወደ ስልሳ መኪና። የመውጫው በር በኤሌክትሪክ ነው፣ ተዘግቶ ቀረ። ከታችኛው ፎቅ ውኃ ይገባል። አለቃችን ስልክ አያነሳም። እኛ አራት ነን፣ ሁሉም በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰዎች ናቸው። ሰው ይጮሃል፣ ጥሩንባ ይነፋል። አላውቅም ምን እንደሆንኩ። አንዱን ሰውዬ በሩን በእጅ እንዲያነሱ አደረግኩ። አንዱን ከታች ያሉትን መኪኖች ቀድመው እንዲያወጡ ላክሁ፣ ውኃው እዛ ስለሆነ። ሦስተኛው መንገድ ላይ ቆመው ትራፊክ ያዙ። እኔ መሃል ቆሜ በስልኬ መብራት አንድ በአንድ አሳለፍኩ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። አንድ መኪና አልተጫረም።

ከሦስቱ አንዱ የድሮው ሠራዊት መቶ አለቃ ነበሩ። ሆለታ ነው የሠለጠኑት። አስመራ ነበርኩ ይላሉ፣ ከዛ በላይ አይናገሩም። ሲነጋ ሻይ እየጠጣን «አንተ ልጅ ማዘዝ ይሆንልሃል። ስትጮህ አልሰማሁህም» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። እኔ ግን ከዛ ቀን ጀምሮ ነው ነገሩ ያልለቀቀኝ።

ለእናቴ ይሄን ነገርኳት። ዝም አለች። ምሳ ግን አቀረበች።

ሻምበሉ

መጀመሪያ፣ አንተ በለኝ። እዚህ ቤት ወታደራዊ ሰላምታ አንሰጣጥም።

ሁለተኛ፣ አሁን የጻፍከውን ይዘህ ተቀመጥ። ድርሰትህ እሱ ነው። በመጀመሪያው መልእክትህ ጋራዡን ነጥቤን የገደለ ነገር አድርገህ አቀረብከው። ውስጡ ይሄ ነበር። ቦርዱ ፊት ስትቀመጥ «ለምን 1.72?» ሲሉህ ጋራዡ ለመልስህ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። «ሰው መርተህ ታውቃለህ?» ሲሉህ ግን ከዝናቡ ጀምር። ስልሳ መኪና፣ አራት ሰው፣ አርባ ደቂቃ። ቁጥሮቹን አትርሳ፣ መኮንን ቁጥር ይወዳል። የውኃውንም ተናገር። ከታች ያሉትን ያስቀደምክበትን ምክንያት። እሱ ነው ውሳኔው።

የድጋፍ ደብዳቤም ያስፈልግሃል፣ ከአንድ በላይ። አንዱ አሁን ካለህበት ሥራ ይሁን። አንዱን ከእኚህ ሰውዬ ውሰድ። ሲሠሩህ ያዩህ ሰው ናቸው፣ የመኮንን ዓይን አላቸው። ትልቅ ስም ያለው የማያውቅህ ሰው ከሚጽፍልህ ይሻላል።

ናሽናል ጋርድንም (የየስቴቱን ተጠባባቂ ጦር) ጠይቅ። ሜሪላንድ ጋርድ ሪስተርስታውን፣ ካምፕ ፍሬተርድ ላይ የዕጩ መኮንን ትምህርት አለው። በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ እየሄድክ ዓመት ከምናምን ይፈጃል። አባትህን እያመላለስክ ከሆነ ያስኬድህ ይሆናል።

የጋራዡ ልጅ

ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ዜና ላምጣ።

ሌላ ቢሮ ሄድኩ። ሴትዮዋ ዜሮ ናይን ኤስ ስላት ቀና ብላ አየችኝና መሳቢያ ከፈተች። ፈተናው በሚቀጥለው ሐሙስ ፎርት ሚድ ነው። ቃላት በቀን ሃያ ሃያ ይዤ ነው የምተኛው፣ እህቴ ጠያቂዬ ናት። የአምቡላንሱን ዕዳ በወር 70 ተስማማን። ሁለት ማይል 16:50 ነኝ፣ ሻምበልን ገና አልደረስኩበትም።

መቶ አለቃውን አገኘኋቸው። ጡረታ ወጥተዋል፣ ዊተን ነው ያሉት። ነገሩን ስነግራቸው ብዙ አልጠየቁም። «ነገ ና» አሉኝ። በነጋታው ስሄድ ደብዳቤውን በፖስታ አሽገው ሰጡኝ። በአማርኛ፣ በእጅ ጽሑፍ። ከላይ በቀኝ በኩል ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር። «ጉዳዩ፦ የድጋፍ ደብዳቤ ስለመስጠት» ይላል፣ ሥሩ ተሰምሮበታል። ከታች ስማቸው፣ ማዕረጋቸው፣ ፊርማቸው። ማኅተም ስለሌላቸው ይቅርታ ጠይቀውኛል። እህቴ ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎመችው ነው።

ሻምበሉ

ትርጉሙ ላይ ዋናውንም አያይዝበት።